የሚፈታና የሚቆረጥ

አሮጌ የስፖርት መኪና ገዝቶ በትርፍ ጊዜው ሊሠራ የሚነሣ ሰው ከሁለት ወገን የአንዱ ነው። የመጀመሪያው ወገን መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት የነበረውን መልክ ፍለጋ ይደክማል። ለአንዲት የበር እጀታ ሦስት ወር ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ይጠብቃል፤ ቀለሙ በፋብሪካው መዝገብ ከሰፈረው በጥቂቱ ቢደበዝዝ እንቅልፍ ያጣል። ሁለተኛው ወገን ፋብሪካው የቆመበትን ቦታ የመጨረሻ አድርጎ አይቀበልም። ሞተሩን ያጎለብታል፣ ፍሬኑን ያሻሽላል፣ መኪናውን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋል፤ ሠሪዎቹ በጊዜ እጦት፣ በዋጋ ፉክክር ወይም በሕግ ምክንያት ትተውት ያለፉትን ሁሉ እርሱ ሊጨርሰው ይሞክራል። ለመጀመሪያው መኪናው ሰነድ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ገና ያላለቀ ረቂቅ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ አደባባይ ሲገናኙ በደህና ዐይን አይተያዩም። አንዱ ሌላውን አጥፊ ይለዋል፤ ሌላውም መልሶ መቃብር ጠባቂ ይለዋል።

ሙግቱ ላይ ላዩን ሲታይ የሥራ ፈቶች ሙግት ይመስላል። ነገር ግን አንድ የቆየ ተውኔት ከብዙ ዓመታት በኋላ ዳግመኛ ወደ መድረክ ሲወጣ ቃሉ እንዳለ ይነገር ወይስ ለዛሬው ተመልካች ይስተካከል እየተባለ በመለማመጃ አዳራሽ የሚደረገውን ክርክር የሰማ ሁሉ ጉዳዩ ሩቅ አይሆንበትም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። አዘጋጁ በእርሳስ የሰረዘው መስመር በደራሲው ጽሑፍ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ የሚመጣው አዘጋጅ ቢፈልግ ይመልሰዋል። በመጋዝ የተቆረጠ ላሜራ ግን መላሽ የለውም።

ክርክሩን በባዶ ሜዳ ከማካሄድ አንድ መኪና መርጦ በእርሱ ላይ ማየት ይሻላል። ለዚህም ዳትሰን 240ዜድ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ዳትሰን የሚለው ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በሥራ መኪናነቱ ይታወቃል። ከዚያው ከኒሳን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1969 ለሕዝብ የቀረበው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ግን ሌላ ፍጥረት ነበር (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኮፈኑ ረጅም፣ ጀርባው አጭር፣ ጣሪያው እስከ ጅራቱ በአንድ መስመር የሚወርድ፣ ቆሞ ሳለ የሚሄድ የሚመስል ነው። በትውልድ አገሩ ፌርሌዲ ዜድ ተባለ። ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን በዚያ የኩባንያውን ሥራ ይመሩ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ስሙን አልወደዱትም። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሲደርሱ ፌርሌዲ የሚለውን ጽሑፍ አስነቅለው በምትኩ የሞተሩን መጠን የሚናገረውን 240ዜድ የሚል ምልክት አስለጠፉ ይባላል። እንግዲህ መኪናው ገና እግሩ ባዕድ አፈር ሲረግጥ የመጀመሪያውን ለውጥ ተቀበለ ማለት ነው።

በ1970 በአሜሪካ ዋጋው 3,526 ዶላር ነበር። የዚያን ዘመን የአውሮፓ ስፖርት መኪኖች በአብዛኛው ባለጸጋ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ ይህንን መምህሩም፣ ወዛደሩም፣ ከሠራዊት የተሰናበተው ወጣትም በወር ክፍያ ሊደርስበት ይችል ነበር። በዋጋው ማነስ ግን ያገኙት የተናቀ ነገር አልነበረም። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የቆሙበት 2393 ሲሲ ሞተር፣ በዘመኑ አለካክ 151 የፈረስ ጉልበት፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚነሣና የሚወርድ አራት ጎማ፣ ከአንድ ቶን እምብዛም የማይበልጥ ክብደት ነበረው። የሞተሩ አካል ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም በግልጽ ይታያል። ሁለቱ ካርቡራተሮች በአንድ ጎን ተቀምጠዋል፤ ካንዴላዎቹ በሌላው ጎን ተሰልፈዋል፤ በመካከሉ እጅ ብቻ ሳይሆን ክንድ የሚያስገባ ስፍራ አለ። የዛሬ መኪና ኮፈን ሲከፈት የሚታየው የላስቲክ ክዳን ነው፤ ባለቤቱን አትንካኝ የሚል ይመስላል። የያኔው ግን ና ንካኝ ይላል።

ስለዚህ ሞተር በአማርኛ መጻፍ እምብዛም የማያስቸግረው በአጋጣሚ አይደለም። የኢትዮጵያ ጋራዥ ቋንቋ ከኢጣልያኖች የወረሳቸውን ቃላት ከአፉ ልክ ጋር ሲያስማማ ኖሯል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ የሚባሉት ሁሉ ከሌላ ሰው መሣሪያ ሣጥን ተወስደው፣ ተሞርደውና ተስተካክለው የገቡ ናቸው። ዛሬ ከመካኒኩ አፍ ሲወጡ ባዕድነታቸውን የሚያስታውስ የለም። ቋንቋ በዚህ ረገድ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ያገኘውን እንዳለ ማስቀመጥ አይችልበትም።

ወደ መኪናው ስንመለስ፣ የመጀመሪያውን መልክ እንጠብቅ የሚሉት ወገኖች አንድ ችግር ይገጥማቸዋል። የመጀመሪያው መልክ የቱ ነው? ፋብሪካው ራሱ መኪናውን መለወጥ አላቋረጠም። ለጃፓን ገበያ፣ ከሁለት ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ከፍ ያለ ግብር ይከፈልበት ስለነበረ፣ ባለ ሁለት ሊትር ሞተር አስገባለት። 432 የተባለውን ዐይነት ሲያወጣ ደግሞ ከእሽቅድምድም የመጣ ሞተር ሰጠው፤ የቁጥሩም ትርጉም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ፣ ሦስት ካርቡራተር፣ ሁለት ካም ሻፍት ማለት ነው። በ1971 ለጃፓናውያን የቀረበው 240ዜድጂ አፍንጫው የረዘመ፣ በፓራፋንጎዎቹም ላይ ተጨማሪ ቆብ የተደረበለት ነበር። የአሜሪካ የጭስና የአደጋ መከላከያ ሕጎች እየጠበቁ ሲመጡ ሞተሩ በ1974 ወደ 2.6፣ በ1975 ወደ 2.8 ሊትር አደገ፤ ካርቡራተሩ ቀርቶ ነዳጅ በግፊት የሚረጭ መሣሪያ ገባለት፤ ቀጭን የነበረውም ፓራውልት እንደ ሐዲድ ከበደ። ይህ ትውልድ በ1978 ማምረቱ እስኪያበቃ ድረስ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሲሠሩ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ወንድማማች መሆናቸው የሚታወቀው ከሩቅ ሲታዩ ነው።

ከፋብሪካው ግቢ ውጭ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በካሊፎርኒያ የፒተር ብሮክ የእሽቅድምድም ቡድን አዘጋጅቶት ጆን ሞርተን የነዳው 240ዜድ በ1970 እና በ1971 በክፍሉ የአሜሪካን ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸነፈ። በዚያው በ1971፣ ከኢትዮጵያ ድንበር በስተደቡብ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መንገዶች ይካሄድ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር፣ ኤድጋር ሄርማንና ሐንስ ሹለር በ240ዜድ አንደኛ ወጡ። ሁለተኛውም ያው 240ዜድ ነበር፤ ነጂው በኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜታ ነው። እርሱም በ1973 በተራው በዚሁ ዐይነት መኪና አሸነፈ። የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ በአንድ ቀን የሚፈራረቁበትን ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ለካሊፎርኒያ አስፋልት የታሰበ መኪና እንዲሁ ተነሥቶ ይወጣዋል ብሎ አያምንም። ሆዱ በብረት ተሸፍኖ፣ መብራት ተጨምሮለት፣ ከመደብር የተገዛውን የማይመስል ሆኖ ነው የሄደው። የ1971 ዱ አሸናፊ ዛሬ በጃፓን ዛማ ከተማ በኒሳን ስብስብ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። በክብር የተቀመጠውም የተለወጠው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ ነው በ2018 አንድ የሒሳብ መምህር ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብላ በምትገኝ ከተማ የ1972 ዓ.ም. 240ዜድ ሊገዛ የሄደው። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል። በወጣትነቱ ይህንን መኪና በጎዳና ሲያልፍ ቆሞ አይቶታል፤ ያን ጊዜ ገንዘብ አልነበረውም፤ ገንዘብ ሲያገኝ ልጆች መጡ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ጊዜ ተገኘ። የብዙዎቹ ታሪክ እንደዚህ ነው፤ የመምህሩም ከሌላው አይለይም።

የዚህ መኪና ትልቁ ጠላት ፍጥነት አይደለም፤ ውኃ ነው። ላሜራው ስስ ነው፤ በዘመኑም ከዝገት የሚከላከለው ቅብ ደካማ ነበር። ስለዚህ ዐዋቂ ገዥ ቀለም አያይም፤ ይንበረከካል። በመጀመሪያ ባትሪው የተቀመጠበትን ሥፍራ ያያል፤ አሲዱ ከሥሩ ያለውን ብረት ለሃምሳ ዓመት ሲበላ ኖሯልና። ከዚያ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን፣ ከወለሉ በታች በቁመት የሚሄዱትን ሁለት ተሸካሚ ብረቶች፣ ከበሩ በስተኋላ ያለውን ማዕዘን፣ የኋላው መዝጊያ የሚያርፍበትን ከንፈር ይመረምራል። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በአካሉ ላይ እያስጠጋ ይሄዳል። ማግኔቱ የሚይዝበት ብረት ነው፤ የማይዝበት ስቱኮ ነው። ስቱኮ ደግሞ በመኪና ላይ እንደ ሽንገላ ነው፤ ሲያዩት ልስልስ ይላል፣ ከሥሩ ግን ቀዳዳ አለ። በመጨረሻ መስኮቶቹን ዘግቶ ሞተሩን አስነሥቶ ይቀመጣል። በኋላው መዝጊያና በመብራቶቹ ዙሪያ ያለው ጎማ ካረጀ ጭሱ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባልና፣ ራስ ማዞር ከጀመረው ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል።

ሻጯ የሰባ ስድስት ዓመት አዛውንት ነበሩ። መኪናውን አዲስ ሳለ የገዙት ባለቤታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ መኪናውም ከዚያ ወዲህ ከጋራዥ አልወጣም። መምህሩ ተንበርክኮ ሲነሣ፣ ተንበርክኮ ሲነሣ ወይዘሮዋ ከደረጃው ላይ ሆነው ይመለከቱት ነበር።

«ምን ልታደርገው ነው?» አሉት።

«ልሠራው ነው።»

«ይሠራ ነበር እኮ።»

«ዐውቃለሁ። እኔ ደግሞ ትንሽ እንዲበረታ እፈልጋለሁ።»

ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «እርሱም ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከእኔ በፊት የመጣው ልጅ እዚህ ጋ እቆርጣለሁ፣ እዚያ ጋ እቆርጣለሁ እያለ በጣቱ ያሳየኝ ነበር። ለእርሱ አልሸጥኩለትም።»

መምህሩ ለዚህ መልስ አልሰጠም። ምን እንደሚያደርግ ገና አላወቀም ነበርና ቃል ቢገባ ውሸት ይሆንበት ነበር። ስለ ዋጋው ተነጋገሩ፤ ተስማሙ። መኪናው በሌላ መኪና ጀርባ ተጭኖ ሲሄድ ወይዘሮዋ ወደ ቤት ገብተው ነበር።

በካሊፎርኒያ ሕግ በኩል እጁን የሚይዘው አልነበረም። ግዛቲቱ ባለ ቤንዚን መኪኖችን በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ስታስገድድ፣ የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩትን ከዚህ ግዴታ ነጻ አድርጋቸዋለች። ይህች አንዲት ቁጥር ለዳትሰኑ እንደ ነጻነት አዋጅ ናት፤ ከኮፈኑ ሥር የፈለገው ቢገባ የምርመራ ጣቢያ አይጠራውም። በጀርመን ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያ ከ1997 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ልዩ ሰሌዳና የግብር ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው መልኩ ወይም በራሱ ዘመን ይደረግ በነበረ ለውጥ ብቻ መገኘት አለበት። አንዱ ሕግ አሮጌውን መኪና ይተወዋል፤ ሌላው ያከብረዋል። ሲከበር ደግሞ ይታሰራል። የትኛው ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጀርመኖቹ የተውት «በራሱ ዘመን ይደረግ በነበረ ለውጥ» የሚለው ቀዳዳ ብልህነት ያለበት ነው ማለት ይቻላል። የሰው እጅ ያኔም ሥራ ፈትቶ እንዳልነበረ ሕጉ ያውቃል ማለት ነው።

መምህሩ በመጀመሪያ ያደረገው ማስዋብ ሳይሆን ማቆም መቻል ነው። ጀማሪ ሞተሩን ያበረታና ፍሬኑን ይረሳል። የዚህ መኪና የፊት ፍሬን ዲስክ፣ የኋላው ከበሮ ነው። በዲስኩ ላይ ሸራውን የሚጨብጠውን መሣሪያ በሚያሻሽልበት ጊዜ ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገውም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ባለ አራት ጎማ ጉልበት ቶዮታ ፒክአፕ የሚጠቀምበት ባለ አራት ፒስተን መጨበጫ በዳትሰኑ እግር ላይ በነበረው የቡሎን ቀዳዳ ልክ ይገባል። የጭነት መኪና ፍሬን በስፖርት መኪና ላይ! ይህንን ማን አስቀድሞ እንዳገኘው በእርግጥ የሚናገር የለም፤ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ እንደ ተረት ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ነው። ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ሳይመክሩ የተስማሙበትን ልክ ያገኘው ቅባት የነካው እጅ ነው።

ሁለተኛው የሞተሩ ጉዳይ ነበር፤ እዚህ ላይ መንገዱ ብዙ ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ ሞተር ማስገባት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተለመደ ነው። ከኒሳን ስካይላይን የተወሰደ ባለ ሁለት ተርቦ ሞተር የሚያስገቡም አሉ። ጉልበቱ በእጥፍ፣ ከዚያም በላይ ይጨምራል። መኪናው ግን ያንን ጉልበት ታስቦ አልተሠራምና ከሞተሩ በኋላ ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው በኋላ ዲፈረንሻሉ፣ ከዚያም ወለሉ ራሱ ይጠየቃል፤ አንዱን የለወጠ ሁሉንም ይለውጣል። በመጨረሻ ከዳትሰኑ የሚቀረው ቅርፊቱ ይሆናል። መምህሩ የመረጠው የቅርብ ዘመድ ነው። በ1975 ለ280ዜድ የወጣው 2753 ሲሲ ሞተር የዚያው ቤተሰብ ስለሆነ አሮጌው ሞተር በተቀመጠበት መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ ከአካሉ ላይ ምንም አይቆረጥም። የፒስተኑ ስፋት ከ83 ወደ 86 ሚሊሜትር፣ ምቱ ከ73.7 ወደ 79 ያድጋል። ይህ አልበቃ ያላቸው ከዚያው ቤተሰብ ናፍጣ ሞተር ላይ ምቱ 83 ሚሊሜትር የሆነውን ክራንክ ሻፍት አውጥተው፣ ሲሊንደሩን ወደ 89 አስፍተው፣ 3.1 ሊትር ያደርሱታል። መምህሩ በወረቀት ላይ አሰላውና ተወው። ለሒሳብ መምህር ስሌቱ ራሱ ደስታ ሰጥቶት ይሆናል።

ካርቡራተርን በተመለከተ ግን ራሱን አልገታም። ኤዶዋርዶ ዌበር በ1923 በቦሎኛ ከተማ ከመሠረተው ድርጅት የመነጨውን ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራተር ሦስቱን ገዛ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ጉሮሮ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መኪና ከመሥራት ይልቅ መሣሪያ እንደ መቃኘት ነው። ስድስቱም እኩል እንዲተነፍሱ ጆሮ ያስፈልጋል። ጆሮ ሲጠራጠር ካንዴላው ይመሰክራል። ጫፉ ጠቁሮ ከወጣ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፣ ሞተሩም ይቃጠላል፤ ፈዘዝ ያለ ቡና ዐይነት ከሆነ ደግሞ ልክ ነው። መምህሩ እሑድ እሑድ አንድ መንገድ እየመረጠ ነድቶ፣ ቆሞ፣ ካንዴላ ፈትቶ፣ ቀለሙን በማስታወሻ ደብተር ሲመዘግብ አራት ወር ፈጀ። ሚስቱ በዚያ ወራት የእጁ ቆዳ ምግብ ሲያቀርብ ቤንዚን ይሸት ነበር ትላለች። ተቆጥታ ይሁን በፍቅር መለየት ያስቸግራል።

ፈተናው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በትንሽ ነገር ነው። ሰፊ ቸርኬና ሰፊ ጎማ ገዛ። ጎማው አማረ፤ ነገር ግን መሪው ሲዞር የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይነካል። መፍትሔው የታወቀ ነው። ከጎማው በላይ ያለው ቅስት በመጋዝ ይቆረጥና በላዩ ሰፊ ቆብ በቡሎን ይታሰራል፤ መኪናው ትከሻው ይሰፋል፣ አቋሙ የተዋጊ ይሆናል። ከላይ እንደተባለው ፋብሪካው ራሱ በ1971 ቆብ የደረበበት ጊዜ አለ። ማስረጃው ሁሉ ለመቁረጥ ያደላል። መምህሩ በነጭ ጠመኔ የመጋዙን መንገድ በአራቱም ማዕዘን ላይ አሰመረ። በልማዱ የሠለጠነ እጅ ነውና መስመሩ ንጹሕ ነበር። ከዚያም ለሦስት ሳምንት አልነካውም።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ያሰበውን ለማንም አልነገረም። ጓደኞቹ የፈሩት የገንዘብ ኪሳራ መስሏቸዋል፤ ጊዜው ከጥር 2020 በኋላ ነበርና ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። በዚያ ወር አንድ የ1971 ዓ.ም. 240ዜድ፣ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ በአሜሪካ በጨረታ 310,000 ዶላር ተሸጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተነካ ዳትሰን ያለው ሰው ሁሉ ጋራዡን በሁለት ቁልፍ ይዘጋ ጀመር። ኩባንያው ራሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሮጌ 240ዜዶችን ሰብስቦ፣ አሳድሶ፣ በራሱ መደብሮች እንደ አዲስ ለመሸጥ ሞክሮ ነበር። ያን ጊዜ የታሰበው ቁጥር ሳይሞላ ሥራው ቆመ፤ የወጪው ነገር አልሆነለትም። ከሃያ ዓመት በኋላ ገበያው መጣ፤ ሲመጣም ከመምህራን ጋር አልመጣም።

ይህ ከመጋዝ የማይተናነስ ጥፋት መሆኑን የመጀመሪያው ወገን ሰዎች ማየት አይወዱም። ለመምህርና ለወዛደር የተሠራ ነገር በሦስት መቶ ሺህ ዶላር ሲተመን፣ ዕውቀቱን በእጃቸው የያዙት ሰዎች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የሚገቡት ደግሞ ከፍተው የማያዩት ናቸው። ዝናብ እንዳይነካው፣ ፀሐይ እንዳይነካው፣ በመጨረሻም መንገድ እንዳይነካው ይደረጋል። ጎማው ቆሞ ይሰነጠቃል፤ ነዳጁ በካርቡራተሩ ውስጥ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ያልተቆረጠ፣ ያልተለወጠ፣ የማይሄድም መኪና ይሆናል። በሌላ በኩል አካሉ በዝገት አልቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በአጥር ሥር ሣር የበቀለበትን ቅርፊት አንሥቶ የቆረጠ፣ የበየደ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ያስገባ ወጣት የሚወቀስበት ምክንያት የለም። እርሱ ባይቆርጠው ሚዛን ላይ ወጥቶ በኪሎ ይሸጥ ነበር። ጥያቄው መቁረጥ በደፈናው ኃጢአት ነው አይደለም የሚል አይደለም። ጥያቄው ከመጋዙ ፊት ያለው ላሜራ ምን እንደሆነ ነው።

በመምህሩ ጋራዥ ያለው ላሜራ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልተበየደ፣ ስቱኮ ያልነካው፣ ማግኔት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዘው ነበር። እንደዚህ ያለው በየዓመቱ ያንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ፋብሪካው ያንን ማተሚያ ካቆመ ዘመን የለውም። እርሱ በመኪናው ላይ ያደረገውን ሁሉ፣ ፍሬኑን፣ ሞተሩን፣ ካርቡራተሩን፣ ሞላና አሞርዛተሩን፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው አንድ ሳጥን ቁልፍና ሁለት የዕረፍት ቀን ቢያገኝ ፈትቶ ሊመልሰው ይችላል። ቅስቱን ግን አይመልሰውም።

በአራተኛው ሳምንት እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ ጠመኔውን ጠረገው። ሰፊውን ቸርኬ በኪሳራ ሸጠና በጠባቡ ፓራፋንጎ ልክ የሚሆን ሌላ ገዛ። የገዛቸው ሰው ለምን እንደሚሸጣቸው ጠይቆት «አልገቡልኝም» ብሎ ብቻ መለሰለት። መኪናው ትከሻው እንደተፈለገው አልሰፋም። ደግሞም ያለ አድልዎ ለመናገር ከሰፊው ይልቅ በጠባቡ ያምር ነበር ማለት አይቻልም፤ ሰፊው ያምር ነበር።

ዛሬ መኪናው ይነዳል። ከተራራው መንገድ ሲመለስ ሞተሩ ከአራት ሺህ ዙር በላይ ሲሆን ስድስቱ ጉሮሮዎች አንድ ላይ የሚያሰሙት ድምፅ ከጎረቤት አልፎ ይሰማል፤ የተማረሩ ጎረቤቶችም አሉ። ከጋራዡ ጥግ፣ በእንጨት መደገፊያ ላይ፣ ሸራ የተሸፈነ ነገር ተቀምጧል። የ1972 ቱ ሞተር ነው። በአካሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በመኪናው ኮፈን ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። ሁለቱ አሮጌ ካርቡራተሮች በጨርቅ ተጠቅልለው በአጠገቡ አሉ፤ የተፈታው እያንዳንዱ ቡሎን በትንንሽ ከረጢት ሆኖ ከየት እንደወጣ በመምህሩ የጠራ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። ሞተር ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲቀመጥ ፋሻዎቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ሸራውን ይገልጥና ካንዴላዎቹን ፈትቶ በስድስቱም ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት ዘይት ያንጠባጥባል። ከዚያም በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ትልቁን ቁልፍ ገጥሞ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ፒስተኖቹ በየተራ እስኪወጡና እስኪወርዱ ድረስ ቀስ እያለ ሁለት ዙር ያዞረዋል።